የትርንጎን ልብ ማን ያዘው

በኅዳር መጨረሻ፣ ሰማዩ ጠርቶ ጉና ላይ ውርጩ ሲጠና፣ የደብረ ታቦር አሮጊቶች ግራ እጃቸውን ከጋቢያቸው አያወጡም። ሰላምታው በቀኝ ነው፤ ገበያውም በቀኝ ነው። ግራው የልጅ ነው። በግራው አንጓ ላይ አምባር አለ፣ በአምባሩ ውስጥ የልጅ ወይም የልጅ ልጅ ልብ ይመታል፣ ብርድ ካገኘው ደግሞ ይደነግጣል ይባላል። አምባሩን የሚያድለው ቢሮ እንዲህ ያለ ነገር የለም ብሎ ደጋግሞ አስነግሯል። ሴቶቹ ግን ቢሮውን የሚሰሙት ሲመቻቸው ነው።

ጠዋት ሲገናኙ «እንዴት አደርሽ» ይባባሉና ወዲያው «ትርታውስ?» ይከተላል። መልሱ «ተመስገን፣ ቀጥ ብሎ አደረ» ነው። የሌላ ሴት ግራ አንጓ አይነካም። ልጅ የሞተባት ሴት ዝም ያለውን አምባር እስከ አርባው አታወልቀውም፤ እስከዚያ የሚያገኛት ሰው ሁሉ ፊት ፊቷን እንጂ እጇን አያይም። አንድ ልብ ለአንድ አንጓ ነው፣ ለሁለት አይካፈልም። በዚህ የተነሣ ባልና ሚስት ፍርድ ቤት የሚቆሙበት ጊዜ አለ፤ አያቶች ተኳርፈው የሚቀሩበትም አለ።

ወይዘሮ ሄራን የምትይዘው የልጅ ልጇን የትርንጎን ትርታ ነው። በዚያ ዘመን አሮጊቶቹ ሄራንና ብሌን ይባላሉ፣ የልጅ ልጆቻቸው ደግሞ ትርንጎና ውዳላት፤ ስም እንደ ልብስ ዞሮ ይመጣል። ትርንጎ ደረጃ ስትወጣ፣ ፈተና ስትቀመጥ፣ ስትናደድ፣ ሄራን በአንጓዋ ታውቃለች። ይበልጥ የምታውቀው ስትዋሽ ነው። የልጅቱ ልብ ከውሸት በፊት አንድ ጊዜ ትሰናከላለች፣ ከዚያ ትሮጣለች። ልቧ በሮጠ ቁጥር ሄራን ትደውላለች። ትርንጎ አውቶብስ እንዳያመልጣት ስትሮጥ ተደውሎላታል፤ ስትጨፍር ተደውሎላታል፤ መልክ የሌለው ሕልም አይታ ስትባንን በቅጡ ሳትነቃ ተደውሎላታል። አንድ ቀን ቤተ መጻሕፍት ነኝ ብላ ልቧ እንደ ፈረስ ሲጋልብ ዋለ። ሄራን እስኪነሣላት ድረስ ደወለች፤ ሲነሣም ከትርንጎ ድምፅ ኋላ የአንድ ጎረምሳ ድምፅ ሰማች። ከዚያ ወዲህ የዚያ ልጅ ነገር በቤቱ ተነሥቶ አያውቅም፤ የት እንደደረሰም ሄራን አልሰማችም።

ይህን ሁሉ የምታደርገው ክፉ ሆና አይደለም። የትርንጎ እናት የሞተችው ሕፃኗ ጥርስ ሳታወጣ ነው። ያኔ ሄራን የያዘችው የልጇን ትርታ ነበር። ገበያ ቆማ ሽንኩርት ስትመርጥ አምባሩ ቆመ። የተበላሸ መስሏት በጥፍሯ መታ መታ አደረገችው፣ ከዚያ ወደ ጆሮዋ አስጠጋችው፣ ከዚያ ሽንኩርቱን መምረጥ ቀጠለች። ሰው ነው ይዞ ወደ ቤቷ የወሰዳት። በአርባው ማግሥት የትርንጎን ትርታ አስሞላችበት። ሕፃኗ ጡጦ እምቢ ብላ ስታለቅስ ጣቷን በስኳር ውሃ እያጠቀሰች አጠባቻት፤ የዚያች ልጅ ድድ ጣቷ ላይ ሲጫን የሚሰማት ስሜት እስካሁን ከእጇ አልወጣም።

የራሷን ልብ ግን ለማንም አልሰጠችም። ትርንጎ ነፍስ ካወቀች ጀምራ ስጪኝ ስትላት ኖራለች። «የአሮጊት ልብ ለልጅ አያሸክሙም» ትላታለች ሄራን፣ ምክንያቱን አትነግራትም።

ታዲያ ትርንጎ ጉና ልወጣ ነው አለች።

ጉና፣ ወሰን ሆኖ ከተወጠረበት ገመድ በላይ፣ ሰው አይኖርበትም። መንደሮቹ የወረዱት ሄራን ልጅ ሳለች ነው፤ ገብስ ይታረስበት የነበረው ዳገት ሁሉ ጓሳ ሣር ለብሷል። ጎማ አይወጣም፣ ኮቴም አይረግጥም፣ ሰው የሚወጣው በጀርባው የቻለውን ይዞ ነው። ኅዳር ሲያልቅ፣ ጭቃው ደርቆ መሬቱ ሲጠነክር፣ ወጣቶች ቦርሳ እያዘሉ ይሄዳሉ። ለምን እንደሚሄዱ ሲጠየቁ «ለመራመድ» ይላሉ። ሄራን ይህ መልስ ገብቷት አያውቅም። እስከ መድኃኔዓለም ድረስ ጥሩ መንገድ አለ፤ ይራመዱበት።

ቦርሳው ሲዘጋጅ ሁለቱ ቀኑን ሙሉ ሲጣሉ ዋሉ። ሄራን በሶ ከተተች፣ ትርንጎ ግማሹን አወጣች። ሄራን ሁለተኛ ብርድ ልብስ ጨመረች፣ ትርንጎ አወጣች። ቋንጣውን ግን ሄራን ካልሲ ውስጥ ጠቅልላ ደበቀችው፣ አልታየባትም። በመጨረሻ ትርንጎ ማሰሪያውን እየጎተተች፣ ዐይኗን ከማሰሪያው ሳታነሣ፣ ከገመዱ በላይ ትርታዋ ወደ ከተማ እንደማይወርድ፣ እዚያው የሚይዝላት ሰው እንዳለ ነገረቻት።

«ማነው እሱ?» አለች ሄራን።

«የገመዱ ሰው ነዋ፣ አያቴ። ሥራቸው ነው።»

ይህን ከማለቷ በፊት ልቧ በሄራን አንጓ ላይ ተሰናከለች። ሄራን ሰምታለች። የመለያየት ሆድ መባባት መሰላትና፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትጠይቅ አለፈችው።

ትርንጎ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር በማግሥቱ ሄደች። ከሰዓት በኋላ አምባሩ ዝም አለ። ሄራን እንደሚሆን ታውቅ ነበር፤ ማወቅ ግን ለእጅ አይገባውም። እጇ ሌላውን ዝምታ ያስታውሳል። ሳህን እያጠበች ቆም ትላለች፤ ወሬ ሲነገራት ትሰማና ምን እንደተባለ አታውቅም። ትርታውስ ሲሏት «ተመስገን» ትላለች፣ «ቀጥ ብሎ አደረ» የሚለው ግን አልወጣላትም።

የሰፈሩ አሮጊቶች ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ የሚሞቁት ከጤና ጣቢያው ግንብ ሥር ነው። እዚያ ጎረቤቷ ብሌን አጠገቧ ተቀመጠች። የብሌን የልጅ ልጅ አምና ጉና ወጥቷል። ብሌን ወሬ የምታበዛ፣ በወሬዋም መሀል ለውዝ የምትፈለፍል ሴት ናት።

«ባዶ ነው አይደል?» አለቻት፣ ዝቅ ብላ።

«እስክትወርድ ነው።»

«ማሩን ከላሰች በኋላ?»

«የምን ማር?»

ብሌን ለውዙን መፈልፈል አቆመች። አልነገረችሽም እንዴ ብላ፣ ለመንገር እንደማትፈልግ ትንሽ ከተግደረደረች በኋላ ነገረቻት። ትርታ ለባዕድ አይሰጥም፤ ሕጉ የሚፈቅደው ለእናት፣ ለአባት፣ ለአያት፣ ለልጅ፣ ለልጅ ልጅ፣ ለባል ወይም ለሚስት ነው። ተራራ ላይ ደግሞ ልብ የሚይዝ ሰው ቅርብ ካልሆነ አደጋ ሲመጣ አይደርስም። ሁለቱ ነገር አልገጥም ሲል፣ የገመዱ ቤት ሴት ቅድመ አያቶቿ ያደርጉት የነበረውን አነሣች። ጥንት ሰው ባዕዱን ወላጅ ሊያደርግ ሲፈልግ ማር የተቀባ አውራ ጣት ይጠባ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ የጡት ልጅ ነው፣ አይካድም። ቢሮውም ተቀበለው። አሁን ማሩ ይቀባል፣ ይጠባል፣ ይመዘገባል፣ ገመዱ ይነሣል። ሶልያና ትባላለች ሴትዮዋ። የወጣ ሁሉ ልጇ ነው።

«የኔው ጎረምሳ ለፋሲካ የት ዋለ መሰለሽ? እሷ ጋ። 'እማ' ነው የሚላት። ሲወርዱ ደግሞ ይጠየቃሉ፣ ልብህ ወደ ማን ይሂድ ተብለው። ገመዱ ቤት ከላይም ከታችም ያለውን ይሰማል፣ ስለዚህ እዚያው እሷ ጋ ይቆይ ማለት ይችላሉ።» ብሌን ዙሪያዋን አየች። ከዚያ ግራ እጇን ከጋቢዋ አውጥታ ሄራን ጭን ላይ አስቀመጠችው። «ንኪው።»

አይነካም፣ ሄራን ግን ነካችው። አምባሩ እንደ ድንጋይ ነው።

«ከአምና ጀምሮ ነው» አለች ብሌን። «በየጠዋቱ ቀጥ ብሎ አደረ እያልኩሽ።»

ሄራን ወደ ቤቷ የሄደችው ብሌንን ሳትሰናበት ነው። ውስጧ የተቀጣጠለው ነገር ፍርሃት መስሏት ነበር፤ በፍርሃት የኖረች ሴት ስለሆነች ሁሉንም በዚያ ስም ትጠራዋለች። ፍርሃት ግን የሌላ ሴት አውራ ጣት አያሳይም። እሷ ያየችው አውራ ጣቱን ነው። እሷ ለዚያች ልጅ የሰጠችው የስኳር ውሃ ነው፤ ያችኛዋ ማር ሰጠቻት። እሷ ሌሊት እየተነሣች፣ ያችኛዋ በአንድ ቅምሻ። ልጅቱስ እንዴት ጠባች? ዐይኗን ጨፍና ነው? ሳቀች? «እማ» አለች? እናት የሚለውን ስም ሄራን ራሷ እንኳ አልወሰደችውም፤ ለሞተችው ልጇ ብላ ባዶውን አስቀምጣው ኖራለች። አሁን ማር ያላት መጥታ ተቀመጠችበት።

ሌላም ነገር አሰበች፣ እሱ ነው ያስነሣት። ትርንጎ ገመዱ ላይ ስትጠየቅ የምትመልሰው ከዚያች ሴት ፊት ቆማ ነው። ከገመዱ በላይ፣ ከመጠየቋ በፊት፣ ልቤ ወደ አያቴ ይሂድ የሚል ቃሏን የሚቀበላት ሰው ያስፈልጋል።

ቦርሳውን ያዋሰቻት ብሌን ናት፣ የልጅ ልጇን አሮጌ ቦርሳ። በዚህ ዕድሜሽ አብደሻል ወይ አለቻት። ሄራን ዕድሜዬን የጠየቅሽኝ አንቺ ነሽ እንጂ ተራራው አይደለም አለችና በሶውን፣ ውሃውንና ሹራቧን ከትታ አዘለችው። ብሌን ማሰሪያውን ስታጠብቅላት፣ ከተሳካልሽ የኔንም ጠይቂልኝ አለች፣ እንደ ቀልድ አድርጋ።

አውቶብሱ ጎማ የሚያበቃበት ቦታ አወረዳት። ገመዱ እውነተኛ ገመድ ነው፤ እንደ ክንድ የወፈረ፣ ቀይ፣ አስታ የሚባለው የደጋ ዛፍ በሚያበቃበት ዳርቻ በእንጨት ላይ ተወጥሮ ተራራውን እንደ መቀነት የዞረ። ጠባቂው አቶ ያፌት የሚባል ጢሙን አመዳይ የመሰለ ሽበት የወረሰው ሰው ነው። ቦርሳዋን በእጁ አንሥቶ መዘነ፣ ጫማዋን አየ፣ እስከ መጀመሪያው አፋፍ ብቻ ብትሄድ እንደማይከለክላት ነገራት። ከዚያ ልቧን ማን እንደሚይዝላት ጠየቃት። ማንም አይይዘውም አለች።

«እማማ፣ ያልተያዘ ልብ አይወጣም» አለና ወደ ድንጋዩ ቤት አመለከታት። «ሶልያና ጋ ይግቡ።»

ሄራን ስትመጣ የጠበቀችው ወይ ቆንጆ ወይ ጠንቋይ ነበር። ያገኘችው ዕድሜዋ ከሃምሳ ብዙ ያላለፈ፣ ጉንጯን ብርድ የሰነጣጠቀው፣ የጎማ ቦት ያደረገች ሴት በር ላይ ተቀምጣ ድንች ስትልጥ ነው። እጅጌዋን ሰብስባለች። ሁለቱም ክንዶቿ ከአንጓ እስከ ክርን አምባር ናቸው። እየላጠች አንዳንዴ ራሷን ዘንበል ታደርጋለች፣ እንደሚሰማ ሰው፣ ከዚያ ወደ ድንቿ ትመለሳለች። ሄራንን ስታይ ብድግ ብላ ወንበሩን ለቀቀችላት፣ በእርስዎ አነጋገረቻት፣ ምን እግር እንደጣላት ጠየቀቻት። ሄራን አየር ልቀበል ነው አለች። አያት መሆኗን አልተናገረችም።

ማሩ በቆርቆሮ ጣሳ ነው የመጣው። የአስታ ማር ነው፣ ጠቆር ይላል፣ ከጣፈጠ በኋላ መረር የሚል ነገር አለው። ሶልያና አውራ ጣቷን ነክራ አነሣችው። በጥፍሯ ሥር የድንቹ አፈር አለ። ሄራን ጣቱን አየችው። ልትተፋበት ትችል ነበር። ልትነክሰውም ትችል ነበር፣ አስባበታለች። ይሁን እንጂ ትርንጎ ከገመዱ ወዲያ ናት። ልጅ ልትሆናት ከምትችል ሴት ፊት ጎንበስ ብላ፣ ዐይኗን ጨፍና ጠባች።

«በቃ፣ ልጄ ነሽ» አለች ሶልያና። እርስዎነቱ ከማሩ ጋር አለቀ። አዲስ አምባር አምጥታ ክንዷ ላይ ከሌሎቹ ጋር ጨመረችው። «ስምሽን ማን ልበል?»

ሄራን አፏ ላይ የመጣላትን የውሸት ስም ልትናገር ስትል፣ ሶልያና አዲሱን አምባር በጣቷ ጫን አደረገችውና ሳቀች።

«ይቺን መሰናከል አውቃታለሁ። ትርንጎም ልትዋሽ ስትል እንደዚሁ ናት። አያቷ ነሽ።»

ያ መሰናከል ለሄራን የትርንጎ ብቻ ይመስላት ነበር፤ የራሷን ልብ ሰምቶ የነገራት ሰው ስለሌለ ከማን እንደወረሰችው አታውቅም። ለዚህ ደግሞ ይህችን ሴት ማመስገን አልቻለችም።

«የትኛው ነው የሷ?» አለች።

ሶልያና ክንዷን ዘረጋችላት፣ ከክርኗ በታች ያለውን አሳየቻት። ሄራን ጣቷን አስቀመጠች። ትርታው ከጠፋባት ወዲህ እጇ እንዲህ ሞቆ አያውቅም። ወዲያው ግን ደነገጠች፤ ትርታው ይጋልባል፣ ይዘላል፣ ትንፋሽ የለውም።

«ደውይላት» አለች።

«ለምን?»

«አትሰሚም? ልቧ ልትወጣ ነው።»

«ሽቅብ እየወጣች ይሆናል። ወይ እየተሳደደች ትጫወታለች። ወይ ደግሞ የምትወደው ሰው አጠገቧ አለ።» ሶልያና በሌላ እጇ ድንች አነሣች። «አላውቅም። እኔ ካልቆመ አልጠይቅም።»

ሄራን ጣቷን አላነሣችም። ትርታው ቀስ በቀስ ረገበ። ረገበና፣ ረገበና፣ ሄራን አይታው የማታውቀው ቦታ ወረደ። ሰፊ ነው፣ ዘገም ይላል፣ የሚጠብቀው ነገር የለም። ልጅቱ ሕፃን ሆና ደረቷ ላይ ስትተኛ እንኳ ልቧ እንዲህ መትቶ አያውቅም። እሷ ስትይዘው ያ ልብ ሁልጊዜ አንድ ጆሮውን ቀና ያደረገ ነበር፤ ይደወላል ብሎ። እዚህ የባዕድ ክንድ ላይ ጆሮውን ጥሎ ተኝቷል። ሄራን እንባዋን ያፈሰሰችው እዚህ ላይ ነው፣ ያፈሰሰችውም ከደስታ አይደለም። ያንን ክንድ ቆርጣ ወደ ቤቷ ብትወስደው በወደደች።

ስለ እኔ ምን አለችሽ ብላ ጠየቀቻት። ሶልያና መልስ ከመስጠቷ በፊት አንዱን ድንች ልጣ ጨረሰች። ትርንጎ ስለ ሄራን ክፉ አልተናገረችም፤ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አያቴ የኔን ሁሉ ትሰማለች፣ የራሷን ግን አትሰጠኝም፣ አለች።

ከገመዱ በላይ መንገዱ ሣር ለሣር ነው። ጅብራዎቹ እንደ ቆሙ ሰዎች በየዳገቱ ተበታትነዋል፤ በጥላቸው ያለው አመዳይ ገና አልቀለጠም። ጭላዳዎቹ ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ፣ ሰው ሲያልፍ ቀና ብለው አያዩም። ሄራን ቦርሳውን አዝላ ጥቂት ትራመዳለች፣ ትቆማለች፣ ደግሞ ትራመዳለች። ልቧ ጆሮዋ ውስጥ ገባ። ይህን ያህል የመታባት መቼ እንደሆነ አታስታውስም። ያቺ ሴት አሁን ይህን ትሰማለች ብላ አሰበች፤ ሰው ትልክብኛለች፣ ያፌት ከኋላዬ ይጮኻል፣ ተመለሽ እባላለሁ። ዞር ብላ አየች። ማንም የለም። ጥቂት ሄዳ ደግሞ ዞረች። ማንም አልመጣም፣ ማንም አልጠራትም። መጀመሪያ ተቀየመች። ይህን ሁሉ ልብ እየሰሙ ዝም? ከዚያ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና በሶዋን በጥብጣ ጠጣች፣ ልቧም እስኪበርድለት የፈለገውን ያህል ደበደበ። የማንም ጉዳይ አልነበረም። ደስ የሚል ነገር ነበረው፣ ይህንንም ለትርንጎ ከማመን ተራራውን ዘላ ብትወርድ ይሻላታል።

እነ ትርንጎ ከአፋፉ ሲወርዱ ያገኟት እዚያው ድንጋይ ላይ ናት። ትርንጎ መጀመሪያ አላወቀቻትም፤ አያቷን ቦርሳ አዝላ አስባት አታውቅም። ስታውቃት ሮጠች፣ ማን ሞተ አለች። ማንም አልሞተም አለች ሄራን። የትርንጎ ፊት ከብርዱ ቀልቷል፣ ከንፈሯ ደርቋል፣ ደግሞም ቆንጆ ሆናለች፤ ሄራን በዚህም ቀናች። ስለ ማሩ ልትጀምር፣ አዘጋጅታው የመጣችውን ክስ ሁሉ ልታፈስስ፣ አፏን ከፈተች።

ትርንጎ ቀደመቻት። ዐይኗ ከአያቷ ፊት ወደ ገመዱ ወረደ፣ ከገመዱ ወደ አያቷ ተመለሰ።

«ከገመዱ በላይ ነሽ» አለች። «ማን ያዘልሽ?»

«ሶልያና።»

«ማር ጠባሽ?»

«አንቺስ አልጠባሽም?»

ከጓደኞቿ አንዷ፣ ውዳላት የምትባለው፣ ታዲያ እህትማማቾች ሆናችኋላ ብላ ሳቀች። ማንም አልሳቀላትም፤ ቦርሳዋን አስተካክላ ከሌላዋ ጋር ቀደም ብላ ወረደች።

«ስንት ዓመት ለመንኩሽ» አለች ትርንጎ። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። «ታመሽ ሆስፒታል ገብተሽ በር ላይ ቁጭ ብዬ ለመንኩሽ። አያሸክሙም አልሽ። አሁን ለማታውቂያት ሴት፣ በአንድ ጣት ማር።»

«ለሷ ምን ይሆናል? ቢቆምባት ወደ ድንቿ ትመለሳለች። አንቺ ግን...» ሄራን ሽንኩርቱን ልትነግራት ፈለገች፣ አልወጣላትም። «ላንቺ ስለምሳሳ ነው።»

«እኔም እሷ ጋ ያስያዝኩት አንቺ እንዳትደነግጪ ነው። እሷ አትደነግጥም።»

የትርንጎ አፍንጫ ተነፍቷል፣ ዐይኗ ጠቧል፣ አገጯ ወጥቷል። ሄራን ያንን ፊት ታውቀዋለች፤ ከጤና ጣቢያው ግንብ ወደ ቤቷ ስትሄድ በመስኮት መስተዋት ላይ ያየችው የራሷ ፊት ነው። ልጅቱ ቀናች። በእሷ ቀናች። ይህ ሲገባት አንድ ሞቅ ያለ፣ የማያስመሰግን ነገር ከሆዷ ተነሥቶ ደረቷን ሞላው። ቃሏን ልትቀበላት መጥታ ነበር፤ ልትጠይቃት ረሳች። እየቀናችልኝ እያለች ምን ልጠይቃት?

ከገመዱ ሲደርሱ ከቀትር አልፎ ነበር። ያፌት ጓደኞቿን ቀድሞ ጠየቀ፤ አንዷ ወደ አባቷ አለች፣ ውዳላት ወደ እናቷ። ሶልያና የሁለቱን አምባር ከክንዷ አውልቃ ሰጠችው። ከዚያ የትርንጎ ተራ ደረሰ።

«ልብሽ ወደ ማን ይሂድ?»

ትርንጎ አያቷን አየች። «መጀመሪያ እሷ ትናገር።»

ያፌት ወደ ሄራን ዞረ። ሶልያና በሩ ላይ እጇን አጣምራ ቆማለች፣ ከፊቷ ምንም አይነበብም። ሄራን ማለት የነበረባትን ታውቃለች። አንድ ቃል ነው፤ የልጅቱ ስም። ቃሉን ስታስበው ግን ትርንጎ ገበያ ቆማ አየቻት፣ አምባሩን በጥፍሯ መታ መታ ስታደርግ። ከዚያ ሥዕል ሥር ደግሞ ሌላ ነገር አለ፣ ከሱ የማያምር። አሁን ከሰጠሁሽ ቅናትሽ ያልቅብኛል የሚል።

«ይቆይ» አለች።

«የኔም ይቆይ» አለች ትርንጎ፣ ወዲያው፣ ሳትተነፍስ።

ያፌት ሁለቱንም አያቸው። ሶልያና ሁለቱን አምባር ቦታ ወዳለበት ወደ ላይኛው ክንዷ ገፋ ገፋ አደረገቻቸው፣ ጎን ለጎን፣ ከዚያ ወደ ድንቿ ተመለሰች። የብሌንን ነገር ሄራን አልጠየቀችም።

አውቶብሱ ሞልቶ ስለነበር ተጣልተው ጎን ለጎን ተቀመጡ። ትርንጎ ቦርሳዋን አቅፋ በመስኮት ታያለች። ሄራን ወደ ፊት ታያለች። ያቺ ሴት አሁን ሁለታችንንም ትሰማለች ብላ አሰበች፤ የትኛዋ እንደተናደደች፣ የትኛዋ እንደተጸጸተች በክንዷ ታውቃለች። እኛ ግን ትከሻ ለትከሻ ተነካክተን አንዳችን ያንዳችንን አናውቅም። ቅናቱ እንደገና መጣ፤ አሁን ብቻዋን አልነበረችበትም፣ ከአጠገቧ ያለው ትከሻም ተንቀሳቀሰ።

መንገዱ መጠምዘዝ ሲጀምር ትርንጎ፣ ከመስኮቱ ሳትዞር፣ የአያቷን ቀኝ እጅ ከጭኗ ላይ አነሣች። መዳፉን ገለበጠችው። ጣቷን አንዴ የመዳፉ መሀል፣ አንዴ የአንጓው አጥንት ላይ፣ አንዴ በትንሿ ጣት በኩል እያስቀመጠች ጫን አደረገችው። ትጠብቅና ታነሣዋለች። አምባር ሳይኖር የልብ ትርታ የት እንደሚገኝ አታውቅም፤ በእሷ ዕድሜ የሚያውቅ ሰው የለም።

«የት ነው?» አለች በመጨረሻ፣ አሁንም ሳታያት።

«ወደ አውራ ጣቴ ጠጋ በይ። ከአጥንቱ ወደ ውስጥ። እንደሱ አትጫኚው፣ ይጠፋብሻል።»

ትርንጎ ጣቷን አሳረፈች። ጥቂት ቆየና ትከሻዋ ቀጥ አለ፤ መስኮቱን ማየት አቆመች፣ ምንም ማየት አቆመች፣ ራሷን ብቻ ዘንበል አደረገች። አውቶብሱ ቁልቁለቱን ጨርሶ ሜዳው ሲጀምርም አልለቀቀችም። ሄራን ምን እንደሰማች ልትጠይቃት አፏን ከፈተች፣ ከዚያ ዘጋችው።